ዶሮ ይዞ ከተማ ዳር መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዶሮ እንደማረባ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቤት ሊቀይር ሲል ይደውልልኛል። "ከተማው ውስጥ ልቅር ወይስ ወጣ ልበል?" ነው ጥያቄው። እኔ ራሴ ዶሮ ይዤ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ሁለቴ ተሳስቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው መልስ አብዛኛው ከእነዚያ ሁለት ስህተቶች የወጣ ነው።

ከከተማው ምን ያህል ልራቅ?

ኪሎ ሜትሩን እርሱትና ሰዓቱን ቁጠሩ። ዶሮ በቀን ሁለት ጊዜ ሰው ትፈልጋለች፤ ጠዋት የሚከፍትላት፣ ማታ የሚዘጋላት። ጠዋቱ አያስቸግርም፤ ከቤት ስትወጡ ትከፍታላችሁ። ጣጣው ማታ ነው።

ዶሮ ሲመሽ ማንም ሳይጠራት ገብታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ጨለማ ውስጥ ማየት ስለማይሆንላት አንዴ ከሰፈረች ከቦታዋ አትነቃነቅም። በእጅ ብታነሷት እንኳ ብዙ አትታገልም። ይህን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። ሸለምጥማጥም ያውቃል፣ ቀበሮም ያውቃል።

ሁለተኛውን ቤቴን ያየሁት እሁድ ከሰዓት ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ 35 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ደስ ብሎኝ ውል ፈረምኩ። ሰኞ ማታ ያው መንገድ አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። እንደምንም ለመድኩት። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ዝናብ ጣለ፣ መንገድ ላይ መኪና ተጋጨ፣ ግቢ የደረስኩት ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። የስልኬን መብራት ሳበራ የዶሮ ቤቱ በር ክፍት ነው። ደፉ ላይ አንድ እፍኝ ነጭ ላባ አለ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሥር ጠብ ጠብ እያለ የሚሄድ ላባ። ከአራቱ ሁለቱ ቀሩኝ። ከቀሩትም አንዷ ለሳምንታት እንቁላል አልጣለችም።

ስለዚህ ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት በሥራ ቀን፣ በሥራ መውጫ ሰዓት መንገዱን አንዴ ሂዱት። የደረሳችሁበትን ሰዓት ፀሐይ ከምትጠልቅበት ጋር አስተያዩ። ከምድር ወገብ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ቀኑ በሚያጥርበት ወር ያለውን አስቡ፤ ለንደን ውስጥ በዲሴምበር አጋማሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያን ሰዓት ማን ቤት አለ? ማንም ከሌለ ወይ ቦታ ቀይሩ፣ ወይ በብርሃን ወይም በሰዓት የሚዘጋ አውቶማቲክ በር ግዙ። በሩ ዘግይታ የመጣችውን ዶሮ ውጭ ያስቀራል፤ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም ለዶሮ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደሱ ያልቆጨኝ የለም።

አውራ ዶሮ ከሌለ እንቁላል ይኖራል?

ይኖራል። ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ከፈለጋችሁ ብቻ ነው።

ኩኩሉ ሳይል ይነጋል ወይ? አውራ ዶሮ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ የምትኖሩበትን ቦታ ግማሹን ወሰናችሁ ማለት ነው። አጠገባችሁ ሰው ከተኛ አውራ ዶሮ አይሆንም። "ጨለማ ክፍል ውስጥ አሳድረዋለሁ" የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆዩአቸው። ዶሮዎቹ ግን ንጋት በሚሆንበት ሰዓት አካባቢ መጮኻቸውን ቀጠሉ፤ ሰዓቱ ያለው ውስጣቸው ነው። በ2015 ደግሞ መጀመሪያ የሚጮኸው የመንጋው የበላይ እንደሆነና ሌሎቹ በማዕረግ ተራ እንደሚከተሉት አሳዩ። ስለዚህ ሁለት አውራ ካላችሁ ጩኸቱ አንድ ጊዜ አይደለም፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል።

ሕጉም ከቦታ ቦታ ሰማይና ምድር ነው። ኒውዮርክ ከተማ ሴት ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል፣ አውራ ግን ክልክል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ኦሌሮን በምትባል ደሴት የአንድ አውራ ዶሮ ጩኸት ጎረቤት አስከስሶ በ2019 ፍርድ ቤት ለዶሮው ባለቤት ፈረደ። በ2021 መጀመሪያ ላይ አገሪቱ የገጠር ድምፅና ሽታ የገጠሩ ቅርስ ነው የሚል ሕግ አወጣች። የእናንተ ማዘጋጃ ቤት ከሁለቱ ወደየትኛው ያዘነብላል? ከመግባታችሁ በፊት እወቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጫጩት ስትገዙ "ሁሉም ሴት ናቸው" ቢባል እንኳ አንዷ ወንድ ሆና ልትገኝ ትችላለች። የእኔዋ ቄብ በአራተኛ ወሯ አንድ ጠዋት አንገቷን አስግጋ እንደ ታፈነ ጡሩምባ ያለ ድምፅ አወጣች። የዚያን ቀን ማን እንደሚወስደው አስቀድማችሁ አስቡ።

ሕጉ እንደሚፈቅድ በምን አውቃለሁ?

ደላላው "ኧረ ችግር የለውም!" ካለ ምንም አላወቃችሁም። ሕጉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ማዘጋጃ ቤቱ የሚለው አለ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ የሚለው አለ፣ የኪራይ ውሉ የሚለው አለ። ሁሉም ካልፈቀዱ አንዱ ብቻ መፍቀዱ አይጠቅምም። "ዶሮ ይፈቀዳል?" ብላችሁም አትጠይቁ፤ ስንት ዶሮ፣ ቤቷ ከጎረቤት መስኮት ስንት ሜትር ይራቅ፣ አውራስ፣ ምዝገባ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ምዝገባ ስል ለትልልቅ እርባታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አንዲት ዶሮ ያለችው ሰው እንኳ መመዝገብ አለበት። ምክንያቱ የወፍ ጉንፋን ነው፤ በሽታው ሲነሳ የት ቤት ዶሮ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ግቢው ምን ያህል ይሁን?

ከምታስቡት ያነሰ ይበቃል፤ ግን ከምታስቡት ቶሎ ይበላሻል።

ዶሮ ብቻዋን አትኖርም፤ ቢያንስ ሦስት አድርጓቸው። ማደሪያው ውስጥ ለሦስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ያህል፣ ቆጡ ላይ ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ለአራትና ለአምስት ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይሁን። ውጭ የሚዘዋወሩበት ለእያንዳንዷ ከአንድ ካሬ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። በሰፋ ቁጥር ይሻላል። ሲጠብባቸው መነካከስና ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ፤ ያን አንዴ ከለመዱ ማስተው መከራ ነው።

ሣር ያለው ትንሽ ግቢ አይታችሁ ልባችሁ ከደነገጠ ተረጋጉ። አራት ዶሮ ያንን ሣር በጥቂት ሳምንት ባዶ መሬት፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ ያደርገዋል። ግቢውን ለሁለት ከፍላችሁ ማፈራረቅ ወይም አንዱን ጥግ ለእነሱ ትታችሁ ሰጋቱራና ደረቅ ቅጠል ማልበስ ይኖርባችኋል።

ከስፋቱ ይልቅ እኔ ቅርጹን አያለሁ። የመጀመሪያው ቤቴ ግቢ ሰፊ ነበር። ነገር ግን ለዶሮ ቤት የሚሆነው ብቸኛ ጥግ ከጎረቤት መኝታ ክፍል ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነበር። ሴት ዶሮ ትጮኻለች ብዬ አላሰብኩም። እንቁላል ስትጥል ግን ለሰፈሩ ሁሉ ታውጃለች፤ አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ ያጅቧታል። ጎረቤቴ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ጠዋት ተኝተው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ዶሮዎቼ ይጀምራሉ። ጥሩ ሰው ስለነበሩ ስድስት ወር ታገሡኝ።

አፈሩን ለምን አስመረምራለሁ? መሬት መሬት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ለትልቅ ከተማ ቅርብ ስትሆኑ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ይመስለኛል።

"ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ" ይባል የለ? አፈር ውስጥ ያለውን ሁሉ የምታወጣው እሷ ናት። አፈሩን ትጭራለች፣ ትሉን ትለቅማለች፣ አብሮ አፈሩንም ትውጣለች። አፈሩ ውስጥ ያለው ነገር እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

ዋናው ተጠርጣሪ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። ድሮ ቀለም ውስጥ ይጨመር ነበር፤ የአሮጌ ቤት ግድግዳ ሲላላጥ ከሥሩ ያለው አፈር ላይ ይረግፋል። ቤንዚን ውስጥም ይጨመር ነበር። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው። ያ ሁሉ ጭስ መንገድ ዳር ካለው አፈር ላይ አርፏል፤ እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም፣ እዚያው ይቀመጣል። ዶሮዋ አጥንቷ ውስጥ ታከማቸዋለች፣ ወደ አስኳሉም ታሳልፈዋለች። እሷ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ላባዋ ያበራል፣ በደንብ ትጥላለች። የሚጎዳው በተለይ የሕፃን አእምሮ ነው።

እርሳስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በኖቬምበር 2023 የፓሪስና የአካባቢዋ የጤና ባለሥልጣን ነዋሪዎች ግቢያቸው ውስጥ የሚያረቧቸውን ዶሮዎች እንቁላል እንዳይበሉ መከረ። እንቁላሎቹ ሲመረመሩ ዳይኦክሲንን የመሰሉ ለዘመናት የማይጠፉ በካዮች ስለተገኙ ነው። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የኔዘርላንድስ የሕዝብ ጤና ተቋም ፒፋስ በሚባሉ፣ እነሱም በቀላሉ በማይጠፉ የፋብሪካ ኬሚካሎች ምክንያት ያንኑ ምክር ለመላ አገሪቱ ሰጠ። እነዚህ የፋብሪካ ሰፈር ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ጓሯቸው ያማረ፣ የራሳቸውን እንቁላል የሚኮሩበት ሰዎች ናቸው።

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። ቦታ ስታዩ ግን ጠይቁ፦ እዚህ በፊት ምን ነበር? ጋራዥ? የባትሪ መጠገኛ? ቆሻሻ የሚቃጠልበት? ትልቁ መንገድ በስንት ሜትር ነው? ከዚያ ዶሮዎቹ ከሚጭሩበት ቦታ ከላይ ከላይ ያለውን አፈር አውጥታችሁ ወደ አፈር ላቦራቶሪ ውሰዱ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነና ቤቱን ከወደዳችሁት ዶሮዎቹን ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈርና ሰጋቱራ በተሸፈነ መደብ ላይ አኑሯቸው። መኖም ትራፊም መሬት ላይ አትበትኑ፣ በዕቃ ስጧቸው።

ዳር ዳሩ ይሻላል ወይስ ጭራሽ ገጠር?

ከተማ መሀል ጠላታችሁ አይጥ፣ የጎረቤት ውሻና የጎረቤት አንደበት ነው። ገጠር ቀበሮና ጭልፊት ነው። ከተማ ዳር ሁሉም አሉ። ዳሩ ላይ ቤቱም ሜዳውም ጫካውም ስለሚገናኝ ለአዳኝ እንስሳ ምቹ ነው፤ የሰው ቆሻሻ ይበላል፣ ቀን ጫካ ይተኛል።

አጥር ላይ አትቆጥቡ። የዶሮ ሽቦ የሚባለው ስሱ ሽቦ ዶሮን ያስቀራል እንጂ ውሻን አይመልስም፤ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ጠንካራ የተበየደ ሽቦ ይሁን። ታችኛውን ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሩት፤ የሚቆፍር አለ። ማታ መኖ አንሱ። አይጥ የሚመጣው ዶሮዋን ፈልጎ አይደለም፣ የተረፈውን ፈልጎ ነው።

ዳሩ ሌላም ጣጣ አለው፤ ዳር ሆኖ አይቀርም። ዛሬ ከአጥራችሁ ማዶ ያለው ሜዳ ከአምስት ዓመት በኋላ ፎቅ ሊሆን ይችላል። ከፎቁ የሚገቡት ሰዎች ዶሮዎቹ ከእነሱ በፊት እንደነበሩ አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ አይሰጣቸውም። የአካባቢውን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሄዳችሁ ተመልከቱ። "ይህ ሜዳ ለምን ተመደበ?" የሚል አንድ ጥያቄ ዓመታት ያድናል።

ይሸታል እየተባለ ነው። እውነት ነው?

እርጥበት ይሸታል፣ ደረቅ ብዙም አይሸትም። ያ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ አሞኒያ ነው፤ የሚበረታው ኩሱ ሲረጥብና አየር ሲያጣ ነው። ከቆጡ በላይ ያለው ክፍል አየር ያግኝ፣ ከሥር ያለው ሰጋቱራ ይድረቅ፣ ኩሱን ቶሎ ቶሎ አንሱ። በቃ። ዝንቡም አብሮ ይቀንሳል። ኩሱን ግን ትኩሱን አትክልት ላይ አትጣሉት፤ ያቃጥለዋል፣ ጀርምም ይኖረዋል። ለወራት ይብላላ።

በሽታውስ? ቦታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ሐይቅ ወይም ረግረግ አጠገብ ቆንጆ ነው፤ ግን የዱር ዳክዬና ዝይ የሚያርፉበት ነው፣ የወፍ ጉንፋንን የሚያዞሩትም እነሱ ናቸው። ወረርሽኝ ሲነሳ መንግሥት "ዶሮ ሁሉ ይዘጋበት" ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ጣሪያ ያለው ማዋያ ይኑራችሁ። ትልቅ የዶሮ እርባታ አጠገብም ከሆናችሁ አስቡበት፤ በሽታ እንዳይዛመት ብለው ብዙዎቹ እርባታዎች ሠራተኞቻቸው ቤታቸው ዶሮ እንዲያረቡ አይፈቅዱም። ፈንግልን በክትባት መከላከል ይቻላል፤ ከመግባታችሁ በፊት ዶሮ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም በአቅራቢያው መኖሩን ጠይቁ። የከተማ ክሊኒኮች ውሻና ድመት ላይ ጎበዝ ናቸው፣ ዶሮ ይዛችሁ ስትገቡ ግን ይተያያሉ።

ተከራይ ነኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

ኧረ በፍጹም። ውሉ ላይ "እስከ አራት ሴት ዶሮ ማርባት ይችላል" የሚል አንድ መስመር አስገቡ። አከራይ በቃል ሲፈቅድ አምኖ ነው፤ ልጁ ወይም ገዢው ሲመጣ ግን ቃሉ አብሮ አይተላለፍም። የዶሮ ቤታችሁም የሚነሳና የሚገጣጠም ይሁን እንጂ መሬት ላይ አትገንቡ።

ቤቱን ለማየት ስሄድ ምን ልመልከት?

ሦስት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ጠዋት በማለዳ፣ አንዴ ሊመሽ ሲል፣ አንዴ ዝናብ እንደጣለ።

ጠዋት ስትሄዱ ዝም ብላችሁ ቁሙና አድምጡ። ሩቅ ሌላ አውራ ከጮኸ ሰፈሩ ዶሮ ያውቃል ማለት ነው፤ ደስ የሚል ምልክት ነው። ማታ ውሾቹን ቁጠሩ፤ የታሰሩትን ሳይሆን የሚዞሩትን። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ውሃው የት እንደሚቆም እዩ። ያ ቦታ ስንት ቢያምር የዶሮ ቤት አይሆንም።

ጥላም ፈልጉ። ዶሮ አታልብም፤ ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ ታራርቃለች። ቀትር ላይ ጥላ የሌለው ግቢ ከሆነ ዛፍ እስኪያድግ ድረስ መጋረጃ ትዘረጋላችሁ። ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስም አስተውሉ፤ ከዶሮ ቤቱ ተነስቶ የጎረቤት ማዕድ ቤት መስኮት የሚገባ ከሆነ ሌላ ጥግ ፈልጉ። ውሃ ቧንቧው ሩቅ ነው? በየቀኑ ባልዲ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

ጎረቤቱንም አነጋግሩ፣ ከመግባታችሁ በፊት። "ዶሮ አለኝ፣ አራት ናቸው፣ አውራ የለም" በሉ። ፊቱን እዩ። መልሱ ፊቱ ላይ ነው። በዚያው ጉዳይ የሦስት ቀን መንገድ ስትሄዱ የሚከፍትና የሚዘጋላችሁ ሰው ይገኝ እንደሆነ ትለያላችሁ።

እሺ፣ አገኘሁ። ዶሮዎቹን እንዴት ላዛውራቸው?

በመጀመሪያ የዶሮ ቤቱ ይሂድ፣ ቀጥሎ ዶሮዎቹ፣ ዕቃው በኋላ ይደርሳል። ማታ ከቆጥ ላይ አንስታችሁ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው፤ ጨለማ ውስጥ ስለሆኑ ይረጋጋሉ። ሲደርሱ አዲሱ ቆጥ ላይ በእጃችሁ አስቀምጧቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ከማደሪያቸውና ከአጥራቸው ውጭ አታውጧቸው፤ ቤታችን ይሄ ነው ብለው እስኪይዙት። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እንቁላል ቢያቆሙ አትደንግጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢው ውስጥ ስትለቋቸው ጠዋት አይሁን። ከመምሸቱ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ክፈቱላቸው። ሩቅ ሳይሄዱ ይመሽባቸዋል፣ ተከታትለው ይገባሉ። እናንተም በሩ አጠገብ ቁሙና አንድ በአንድ ቁጠሯቸው።